ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ማዕዘነ ቀጤ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ብዙ አለማወቅ አይቻለሁ። የልጆቹን አልንቅም፤ ልጅ የመጣው ሊያውቅ ነው። የምንቀው በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ በባጃጅ እስከ ክፍሉ በር ድረስ የሚመጣውን ነው።

ያን ሰሞን ጎነ ሦስቶችን እያስተማርኩ ነበር። ማሽላ የሚታጨድበት ወቅት ስለነበር ልጆቹ ከየቤታቸው አገዳ አመጡ። እየቆራረጥን በክር እናስራለን፤ ሦስቱም ሲተካከሉ ጎነ እኩል፣ ሁለቱ ሲተካከሉ ሁለት ጎነ እኩል፣ አንዱም ከሌላው የማይገጥም ሲሆን ጎነ ኢእኩል። ከዚያ ማዕዘኖቹን በደብተር ጥግ እንለካለን። የደብተሩ ጥግ ልክክ ካለበት ማዕዘነ ቀጤ ነው፤ ከዚያ የሰፋ ማዕዘን ካለው ማዕዘነ ዝርጥ፤ ሦስቱም ከጠበቡ ማዕዘነ ሹል። የቆርቆሮው ሙቀት ናላ ያዞራል፤ ግማሾቹም አገዳውን አኝከው ይጨርሱታል። ትምህርቱ ግን ገብቷቸው ነበር።

ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚቆጣጠረው ሱፐርቫይዘር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ ግድግዳው ማማር ነበረበት። መሬት ላይ የተበተነውን አገዳ በጫማው ገፋ አድርጎ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። ወደ ጎን ሦስቱ የጎን ዓይነቶች፣ ወደ ታች ሦስቱ የማዕዘን ዓይነቶች የተጻፉበት ባለ ዘጠኝ ሳጥን ሰንጠረዥ ነው።

"በየሳጥኑ አንድ አንድ ጎነ ሦስት ሳይበት። ነገ ይሰቀላል" አለኝ።

"ሰባቱን እስላለሁ። ሁለቱ ግን ባዶ ይቀራሉ።"

"ለምን ይቀራሉ?"

"ሦስቱም ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ ሁሉ ሹል ናቸው። ቀጤም ዝርጥም ሊኖረው አይችልም።"

ትክ ብሎ አየኝ። "መምህርት፣ አይችልም የሚባል ነገር የለም። የአመለካከት ጉዳይ ነው።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ስለ ጎነ ሦስት!

አላበቃም። ወደ ልጆቹ ዞሮ "እስቲ ሦስቱም እኩል የሆነ ማዕዘነ ቀጤ ሥሩ! መምህራችሁ አይቻልም ትላለች" አላቸው። ልጆቹ አገዳ ተሻሙ። ፊት የምትቀመጥ፣ ነጭ ሂጃብ ያደረገች ልጅ ሦስት እኩል ቁራጭ አስራ አንዱን ጥግ ከደብተሯ ጥግ ጋር ልታገጥም ስትታገል ቆየች።

"ወላሂ ቲቸር፣ እንቢ አለኝ! ልከፍተው ስል ክሩ ይላላል።"

"አጥብቀሽ እሰሪው" አላት ሱፐርቫይዘሩ።

አጥብቃ አሰረች፤ ገፋችው፤ አገዳው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሰውየው ጠመኔዬን ከእጄ ወሰደና ሰሌዳው ላይ ራሱ አንድ ጎነ ሦስት ሳለ። ጥጉ ላይ የቀጤ ምልክት፣ በሦስቱም ጎኖች ላይ "5 ሳ.ሜ" ጻፈ።

"ይኸው! ይሄ ምኑ ያቅታል?"

ልጅቷ ከቀጤው ጥግ ፊት ለፊት ያለውን ሰያፍ መስመር በጣቷ እያሳየች "ጋሼ፣ ይቺ ግን ትረዝማለች" አለችው።

"አምስት ተብሎ ተጽፎበታል አይደል? ተቀመጪ።"

ርዕሰ መምህሩ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስጠሩኝ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"እህቴ፣ በናትሽ ጥቂት መስመር ነው። ምን ይጎዳሻል?"

"እርስዎ ራስዎ የሒሳብ መምህር ነዎት።"

"ነበርኩ" አሉ፤ ከዚያ ሰባቱን የሳልኩበትን ወረቀት አስመጥተው ሁለቱን ባዶ ሳጥን በማርከር ራሳቸው ሞሏቸው። በደንብ አድርገው፣ በማስመሪያ። ከሱፐርቫይዘሩ ይልቅ እሳቸውን ናቅኋቸው። ያኛውስ አያውቅም፤ እሳቸው እያወቁ ነው የሳሉት።

እንግዶቹ መጡ። ሰንጠረዡ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ። አንዱ "በጣም ገላጭ ነው" አለ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሌላ ትምህርት ቤት ሊያዩ ወደ ካራቆሬ ሄዱ።

በማግስቱ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ ለልጆቹ ወለሉ ላይ አነጠፍኩላቸው። "ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ውሸታቸውን ነው። ፈልጓቸው።" ማስመሪያና ደብተር ይዘው ከበቡት፤ እየተገፋፉ፣ እየተሟገቱ ለኩ። ደወሉ ሳይደወል ሁለቱንም አገኟቸው። ያቺው ልጅ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

"ቲቸር፣ ውሸት ከሆነ ለምን ሰቀሉት?"

ትልልቅ ሰዎችን የማያዋርድ መልስ ፈለግሁ። አጣሁ።

"ባዶ ቦታ ስለሚያስፈራቸው ነው" አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም።

በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ላይ "ለለውጥ ያላት ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው" ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩበት። ሱፐርቫይዘሩ ግን ብዙም ሳይቆይ አደገ፤ አሁን የሒሳብ መምህራንን ያሠለጥናል። ባለፈው ክረምት እኔንም አሠልጥኖኛል። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ዋልኩ፤ ምን እንዳስተማረን ብጠየቅ ግን አንድም ነገር አላስታውስም። ምሳው ጥሩ ነበር።