የእማዬ ክኒን እና የንስሐ አባቷ

«በል ክኒኔን አቀብለኝ፤ ስግደት ልታስጨምርብኝ ነው?»

እማዬ ናት፤ ዛሬ፣ በሁዳዴ፣ ገና በጠዋቱ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ደም ግፊት አለባት። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም» ብላ የጠዋቱን ክኒን ትታው ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ብትመክራት፣ እኔ ብጨቀጭቃት፣ ወይ ፍንክች! (የመንዝ ሰው እንቢ ካለ ታውቁታላችሁ።)

በመጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽኗ የእማዬን የንስሐ አባት አማከረች። እሳቸውም ትናንት ከቅዳሴ በኋላ፣ «መድኃኒት መዋጥ ጾም መግደፍ አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን በሚተው ሰው ላይ ስግደት እጨምርበታለሁ!» አሉ።

እማዬ ክኒኗን ዋጥ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ይኸን እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ!»

እናንተስ ቤት የሐኪም ምክር በማን አፍ ሲመጣ ነው የሚሰማው?