የግንዱ እንጉዳይና የባሌ ጉርሻ

ባሌ የሒሳብ መምህር ነው። ጭሮ ተመድቦ ከመጣን ወዲህ ግን ያልሆነው ነገር የለም፤ በዘንድሮው ፍልሰታ ደግሞ የእንጉዳይ ሊቅ ሆነ። ትምህርቱን የጨረሰው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው።

የተከራየንበት ግቢ አጥር ሥር አሮጌ ግንድ ወድቋል። ዝናቡ ሲበረታ ነጫጭ እንጉዳይ ተደራርቦ በቀለበት። የከተማው ሰው የጅብ ጥላ ብሎ የሚያልፈውን እሱ በቢላ ቆረጠ፣ ገለበጠ፣ አሸተተ፤ «ግንድ ላይ የበቀለ አይገድልም» ብሎም ፈረደ። ማን እንዳለው ብጠይቀው «ይታወቃል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል!

ለጥንቃቄ ሲል አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቀቀለ፤ ካልጠቆረ መርዝ የለውም ማለት ነው አሉ። አልጠቆረም። ከዚህ በላይ ላቦራቶሪ ከየት ይምጣ? በዘይትና በቀይ ሽንኩርት ጠበሰው፣ ቃሪያ ጣል አደረገበት። ሽታው፣ ሐቁን ለመናገር፣ የሥጋ ጥብስ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። «ሴት ትቅደም» ብሎ አጎረሰኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመልኝ። ለካ ይጣፍጣል።

ይኼኔ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝ፣ ሆዷን ደግፋ በራችን ላይ ቆመች።

«አቦ በጾማችሁ ምንድነው የምትጠብሱት? ወላሂ ምራቄን ጨረሳችሁት! ትንሽ አቅምሱኝ።»

እርጉዝ ያሸተተችውን መከልከል ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአትም ነው፤ እዚህ ላይ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። ሰሃን አነሳሁ። ባሌ እጄን ያዘኝ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«እህቴ፣ እስከ ነገ ታገሺን» አላት። «እኛ ደህና ካደርን ትበያለሽ።»

እኛ? እሱ እኮ ገና አልቀመሰም!

ልቤ ቅጥል አለ። ለጎረቤት ሚስት የራራው አንጀት ለራሱ ሚስት ሲሆን ምነው ጨከነ? ሳቅም እንባም መጣብኝ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ «አንተም ቅመስ እንጂ» ብዬ አፉ ድረስ ወሰድኩለት። በሰው ፊት የሚስት ጉርሻ አይመለስም። ጎረቤታችንን አየ፣ እኔን አየ፣ አማተበና አፉን ከፈተ። አላምጦ ዋጠው።

«አቦ፣ አሁን ገና ሁለታችሁም ‹እኛ› ሆናችሁ» አለች ጎረቤታችን። «በሉ ነገ እመጣለሁ።»