ካድሬው እያወገዘ የነገረን ዜና

ዛሬ ከዱከም ወደ ናዝሬት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ ያነበበውን ዜና «የጠላት ልሳን!» ብሎ ሰደበው። እኔ ደግሞ ወዲያው ምን እንደሚል ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።

ምን ላድርግ፣ የደርግ ጊዜ ልጅ ነኝ።

ያኔ የውጭ ሬዲዮ ሁሉ «አድኃሪ ጣቢያ» ይባል ነበር። ትርጉሙን ያስረዳን የለም። እኛ የገባን፣ መንግሥት የደበቀንን የሚያወራ ማለት እንደሆነ ነው።

ቤታችን ሬዲዮ ከፍተን ለመስማት እንፈራለን። ግን እግዜር ይስጠው፣ የቀበሌያችን ካድሬ በየእሁዱ ስብሰባ የጣቢያውን «ውሸት» አንድ በአንድ እየዘረዘረ ያወግዝልናል። ከዚያ ስብሰባ የሚቀር ሰው አልነበረም!

አንድ እሁድ «ጦራችን ከተማ ለቀቀ ብሎ ዋሽቷል!» አለ። ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነበር። እማዬ ብድግ አለች።

«ጓድ፣ የትኛውን ከተማ ለቀቀ ብሎ ነው የዋሸው?»

ካድሬው ግራ እየገባው የከተማዋን ስም ተናገረ።

ወንድሜ ያለባት አይደለችም! እማዬ ግራ እጇን ሰቅላ «አድኃሪ ይውደም!» ብላ አዳራሹን አናጋችው። ካድሬው ለንቃቷ አስጨበጨበላት።

እናንተስ ሰፈር ዜናውን እያወገዘ የሚያደርሳችሁ ማን ነበር?