የፋሲካው በርሜል

ወንድሜ የጭነት መኪናውን የሚነዳው ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር ያለው ጋራዡ ውስጥ ራሱ በሚሠራው ነዳጅ ነው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ምግብ የተጠበሰበትን ዘይት በበርሜል ያጠራቅሙለታል። እሱ ያጣራዋል፣ ውሃው እስኪለቀው ያሞቀዋል፣ ከዚያ ሜታኖል የሚባለውን አልኮልና ኮስቲክ ሶዳ ጨምሮ ያማስለዋል። ሲያድር ግሊሰሪኑ እንደ ጥቁር ሽሮፕ ከታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ቢጫ ፈሳሽ ታጥቦና ደርቆ ባዮዲዝል ይሆናል። ከናፍጣ ትንሽ ይወፍራል፣ እንደ ናፍጣ ቶሎ እሳት አይዝም፣ ጭሱም ያነሰ ነው። ሥራዬ ዘገባ ስለሆነ ሳላይ አላምንም፤ ይህን ግን ቆሜ አይቻለሁ።

ጉድለቱ ብርድ አለመቻሉ ነው። ከአትክልት ዘይት የተሠራው ይሻላል፤ ቅቤ የገባበት ግን እኛ ሹራብ በምንደርብበት ብርድ ይረጋል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ወንድሜ ነው።

ዐቢይ ጾምን በሙሉ ያለ ችግር ነዳ። በጾም ቅቤ የሚባል ነገር እዚያ ወጥ ቤት ደጃፍ አይደርስም። ወንድሜ በመኪናው የሚያመላልሰው አትክልት ነው፤ ከተራራው ማዶ ላሉ ሱቆች ማለዳ ያደርሳል። ሥራውን የሚሰጠው አከፋፋይ አስቀድሞ «አንዴ ብትዘገይ በቃ» ብሎት ነበር።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ በማለዳው ብርድ በፍሪዌዩ፣ በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ተራራውን ሲወጣ ሞተሩ ጠፋበት። ፊልትሮው በረጋ ስብ ተደፍኖ ነበር። ሰላጣው ሲደርስ ሱቆቹ ከተከፈቱ ቆይተዋል። አከፋፋዩም ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ከጾም የተረፈውን ነዳጅ በአንድ ጠርሙስ፣ ከመኪናው ታንከር የቀዳሁትን በሌላ ጠርሙስ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩ። የመጀመሪያው እንደጠራ ነበር። ሁለተኛው እንደ ሞራ ነጥቶ ረግቷል። ባዶውን በርሜል ሳሸተው ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ። የረጋውን ጠርሙስም ወንድሜንም ይዤ ፌርፋክስ ሄድኩ።

«እትዬ፣ በርሜሉ ውስጥ ቅቤ የጨመረው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ፋሲካ አይደል እንዴ? ከዶሮው ላይ የጠለለውን ሁሉ ቀድቼ ሰጠሁት። መኪናውም ጾሙን ይፍታ ብዬ።»

ወጥ ቤት ያሉት ሳቁ። እኔ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኳቸው። እትዬ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«አንተ፣ ዓይንህ እያየ አይደል እንዴ የጨመርኩት?»

«በፋሲካ ቀን በእጅዎ ሲሰጡኝ እንዴት አይሆንም ልበል፣ እትዬ?»

ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። አይቷል። ቅቤ ምን እንደሚያደርግም ያውቃል።

«ሶ፣ ዝም ብለህ ጫንከው?» አልኩት።

«እዚህ ሙቀት ነው፣ ምንም አይለውም ብዬ ነዋ።»

«ተራራውስ?»

እትዬ ደንግጠው «በል ለቅቤው ሌላ በርሜል አቆማለሁ» አሉ።

«ኧረ አይቸገሩ፣ እትዬ» አለ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ።

«ይቸገሩ» አልኩ፣ እሱን ሳይሆን እሳቸውን እያየሁ።

መኪናዬ ውስጥ እንደገባን ወንድሜ በሩን በኃይል ዘጋው። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» አለኝ። ሥራውን ሲነጠቅ እንኳ እንዲህ ተቆጥቶ አላየሁትም።