የሚሽካት ስም ሲሞከር

ዛሬ ፒያሳ ላይ አንዲት እናት ልጇን «ሚሽካት!» ብላ ተጣራች። የእህቴ ስም ነው፤ ከዛሬ በፊት በሌላ ሰው ላይ ሰምቼው አላውቅም።

እህቴ በተወለደች በሰባተኛው ቀን፣ ስም በሚወጣላት ዕለት፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ግቢያችን የበግ ሥጋ ይሸት ነበር። አባቴ ስሙን ከአንድ የኮምቦልቻ ሼህ ሰምቶ አመጣው። አያቴ ግን አላመኑትም።

«በዚህ ስም ከሩቅ ይጣሩበታል እንዴ? እስቲ ልሞክረው» ብለው ደጅ ወጡ። ሻሻቸውን አጠበቁና፣ «ሚሽካ-አ-አት!» አሉ፣ እስከ ጦሳ ተራራ በሚሰማ ድምፅ።

ከታች ጎረቤታችን እትዬ አበበች፣ «ማናት እሷ?» አሉ።

«የኔ ናታ!» አያቴ ሳቁ። «ወላሂ፣ ተጣርቼም አልጠግባት!»

ሕፃኗ እዚሁ ቤት ውስጥ ተኝታ ምን ያስጮኻቸዋል ብዬ ነበር።

ፒያሳ ላይ የተጠራችው ልጅ ዝም አለች። ከጎኔ የነበረችው እህቴ ግን፣ ይህን የምታክል ትልቅ ሴት፣ ድምጿን ለቅቃ «አቤት!» አለች።