ከፊቱ ብቻ የሚበላው ጃፓናዊ

ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ ሄጄ ሠራተኛዋ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ፊደላት እያመለከተች "ግራ ዓይንህን ሸፍን" አለችኝ። ሸፍኜ አነበብኩ። "አሁን ደግሞ ቀኙን" ስትለኝ ግን እጄ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ እንደዚያው ቆምኩ። ሴትዮዋ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ በዚህች ቃል መቼም የሚያክለኝ የለም። ናኦቶ ነበር ትዝ ያለኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዲቪ አሜሪካ መጥቼ ኢንግልዉድ ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ፤ ታክሲ እነዳለሁ። በስልክ የሚጠራው መኪና ገና አልመጣብንም ነበርና ኤርፖርት ተሰልፎ መዋል ያኖር ነበር። በጥቅምት አንድ ከሰዓት፣ ያ ከበረሃ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ የዘንባባ ቅጠል አስፋልቱ ላይ እየጣለ ሳለ፣ ጆሮዎቹ እንደ ደረቀ ኮክ የተጨማደዱ አጠር ያለ ሰው ከኋላ ገባ። ናኦቶ እባላለሁ፣ ፋይተር ነኝ አለኝ። ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም በአንድ ላይ የሚፈቀድበት ውድድር ነው የሚወዳደረው። ፒኮ መንገድ ላይ ወዳለው ጂም አደረስኩት፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እኔን መጥራት ጀመረ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ሰባራ ስለነበር በደንብ ተግባባን።

የሕይወት ታሪኩን በቀይ መብራት በቀይ መብራት ነው የነገረኝ። አገሩ ጃፓን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስሙን እየጠራ ሲያስገባው፣ ልጆች ፀጉሩን አይተው እንደ እሱ ሲቆረጡ ኖሯል። በኋላ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ድርጅት ከሰረ። እሱም በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ብዙዎች ጓንታቸውን በሚሰቅሉበት ዕድሜ፣ አሜሪካ ገባ። እዚህ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ውሉ ላይ የቀረችው አንዲት ግጥሚያ ናት፤ እሷን ከተሸነፈ ተመልሶ ከእህቱ ባል ጋር ጣሪያ መጠገን ነው። ጣሪያውን በሁለት መዳፉ ሠርቶ አሳየኝ፤ ከመገጠም ይልቅ ያ ያስፈራው ነበር።

አንድ ቀን የአበሻ ሬስቶራንቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ስናልፍ የምግቡ ሽታ በመስኮት ገብቶ ማረከውና እትዬ ዘነበች ቤት ወሰድኩት። እትዬ ዘነበች እኛን ሹፌሮቹን የሚያበሉ፣ የሚቆጡ፣ የሚጸልዩልን ባለ ሬስቶራንት ነበሩ። ናኦቶን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደዱት። ጎመኑንና ምስሩን ዘይት ቀንሰው ለብቻው ይሠሩለት ጀመር።

የወደዱት በጨዋነቱ ነው። ትሪ ሲቀርብ ከፊቱና ከቀኙ እንጂ ወደ ግራ እጁን አይሰድም። "እዩት እስቲ፣ ከፊቱ ፍንክች አይልም" ይሉን ነበር። "እናንተ ግን ትሪውን እንደ ፍሪዌይ ትዞሩታላችሁ።" ሰው ሲጨብጥ በሁለት እጁ ነው። ውኃ ሲቀዳ የጆጉን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ጠብ ሳያደርግ ነው። ሁልጊዜ የጥጓን ጠረጴዛ መርጦ፣ ግራ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ይቀመጣል። ትሕትና ነው አልን። እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች አልን። እኔማ እንደ እሱ በሁለት እጅ መጨበጥ ጀምሬ ነበር።

ግጥሚያው ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ምሳ ላይ፣ የጥጓን ጠረጴዛ የምረቃ እንግዶች ይዘዋት መሐል ላይ ተቀመጥን። እኔ በቀኙ ነኝ። እትዬ ዘነበች በግራው መጥተው ጉርሻ ጠቀለሉለት። "በሞቴ፣ እንዳታሳፍረኝ" አሉት። እሱ ወደ እኔ ዞሮ ወሬውን ቀጠለ። እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ። ሰው ሁሉ ማየት ጀመረ፤ ጉርሻ በሰው ፊት ሲመለስ ምን ያህል እንደሚያም ለእኛ አይነገርም። ምናልባት አልሰማኝም ብለው ጠጋ ሲሉ ጣታቸው ጉንጩን ነካው።

ክንዱ በራሱ ነው የተወነጨፈው። እትዬ ዘነበች ወደ ኋላ ሄደው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ወጡ ነጭ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። አንዱ "መታቸው!" ብሎ ተነሣ። ናኦቶ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት እያስነካ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ እጁን እንዲጠርግ ብዬ በግራው በኩል ሶፍት ዘረጋሁለት። ዓይኑ ሥር ነው የዘረጋሁት። አልተርገበገበም። አወዛወዝኩት። ምንም።

ግድግዳው፣ ውኃው፣ በሁለት እጅ መጨበጡ፣ ያልተነካው የትሪው ግራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ስናደንቀው የከረምነው ጨዋነት አልነበረም።

መኪና ውስጥ ግራ ዓይኑ ማየት ካቆመ ምን ያህል እንደሆነው ጠየቅኩት።

"ስምንት ወር" አለ።

ሐኪሙን እንዴት እንዳለፈ አሳየኝ። በግራ እጁ ግራ ዓይኑን ሸፍኖ አነበበ፤ ቀጥሎ በቀኝ እጁ ያንኑ ግራ ዓይኑን ሸፍኖ እንደገና አነበበ። ሐኪሙ ያየው እጁ መቀየሩን ነው። እየሳቀ ነበር የሚያሳየኝ፤ እኔ መሪውን ይዤ ድርቅ ብያለሁ። ቀኙን ቢመቱትስ ስለው ወደ መስኮቱ ዞረ።

"አንድ ፋይት ብቻ፣ ዳኒ። ለማንም አትንገር።"

እጄን ሰጠሁት። ያደግኩት የጓደኛን ገበና የሚያወጣ ሰው እንደ ሰው በማይቆጠርበት ቤት ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ምስጢር የሚጣልብኝ ሰው መሆኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ናኦቶ ከጎን ካለው ሱቅ ነጠላ ገዝቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ ዘነበች ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ፊቱን አዩት። ከዚያ እኔን ወደ ኩሽናው በር ጠሩኝ።

"ዳኒ፣ ይሄ ልጅ ደህና ነው?"

"ደህና ነው እትዬ፤ ደንግጦ ነው" አልኩ።

ሌላ አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ የጥጓን ጠረጴዛ ለማንም አይሰጡም ነበር። ሲያጎርሱትም ዞረው በቀኙ ይመጡ ነበር። ይቅር ብለውት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር የተጋጣሚውን አንገት ቆልፎ እጅ አሰጠው። እትዬ ዘነበች ቤት በቴሌቪዥን ስናይ ወንበር ላይ የወጣም ነበር፤ እኔ አለቀስኩ። ማሸነፉ ግን አዲስ ውል አመጣ፣ ውሉም አዲስ የዓይን ምርመራ። ሐኪሙ ጋ ድራይቭ አድርጌ የወሰድኩት ራሴ ነኝ። ሞተር ሳላጠፋ ጠበቅኩት። አውራ ጣቱን ቀስሮ ወጣ፤ እኔም መልሼ ቀሰርኩለት።

ቀጣዩ ግጥሚያ የጃካራንዳ ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን መኪናችን ላይ በሚያራግፉበት ወቅት ነበር። እንደገና ተሰብስበን እያየን ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድ ቡጢ ቀኝ ዓይኑን አገኘው። አልወደቀም። ቆመ፤ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን መዳሰስ ጀመረ። ተጋጣሚው ራሱ ግራ ገብቶት ወደ ኋላ አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እያላገጠበት መስሏቸው ነው። የእኛ ቤትም ሳቀ። "ሶ ፈኒ ነው ይሄ ሰውዬ" አለ አንዱ ሹፌር። እኔ ግን ጠረጴዛውን ያዝኩ። እትዬ ዘነበች ተነሥተው ኩሽና ገቡ።

ቀዶ ሕክምናው ዓይኑን አልመለሰለትም። ልትወስደው የመጣችው እህቱ ክንዱን ይዛ ኤርፖርት በሩ ላይ ቆመች። ናኦቶ በሁለት እጁ እጄን ፈልጎ አገኘ።

"ስላልተናገርክ አመሰግናለሁ" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ሌላ ተሳፋሪ ሳልይዝ ባዶ መኪና ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

መንጃ ፈቃዴን አሳድሼ ስወጣ ቀጥታ ፌርፋክስ ሄድኩ። ሬስቶራንቱን ዛሬ የምታሠራው ልጃቸው ናት፤ እትዬ ዘነበች መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ገቢ ወጪውን ይመርቃሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዐውቄ ዝም ማለቴን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ዐውቃለሁ" አሉ። "ያን ቀን ወለሉ ላይ ሆኜ ሶፍቱን ስታወዛውዝ አየሁህ።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"ጠየቅኩህ እኮ፣ ልጄ። ደህና ነው አልከኝ። ጓደኛው አንተ ነህ፤ አንተ የሸፈንከውን እኔ ብገልጠው ነውር መሰለኝ።"

ያን ቀን እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ጂሙ ድረስ ሄጄ እናገር ነበር" አሉ።

የሰው ገበና መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ እኔም ልጆቼን እንደዚያው እያስተማርኩ ነው የኖርኩት። ግን እሳቸው እኔን አፍረው፣ እኔ እሱን አፍሬ፣ ሁለታችንም ጨዋ እንደሆንን አንድ ሰው ብርሃኑን አጣ። ከእሳቸው በር እስከ ጂሙ ድረስ ሦስት ብሎክ ነው። ስወጣ በእግሬ ሄጄ ለካሁት፤ ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ።