ወደ ግድግዳው የተጠጋው አልጋ

ስንት ዓመት የናፈቀችኝ ታናሽ እህቴ ከድሬዳዋ ደወለች። «በፌስቡክ የሆቴል ሥራ አገኘሁ፤ እዚያው ጅቡቲ፣ አንቺ ጋ!» አለችኝ። እያወራችኝ ካርቲየ 5 ሰፈር ያለችውን ጠባብ ክፍሌን ቃኘሁና ለፍራሿ ቦታ እንዲሆን አልጋዬን ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

«ቃለ መጠይቁ መቼ ነው?» አልኳት።

«ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቢሮአቸው። ፓስፖርትሽን አስቀድመሽ ላኪ ብለውኛል።»

ጅቡቲ ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት የምን ቢሮ ነው? ቀትር ላይ ጫት ከገባ በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ይቅማል። እነዚህ ሌቦች አገሩን ረግጠውት እንኳ አያውቁም!

«ውሸት ነው እህቴ፤ ምንም እንዳትልኪላቸው» አልኳት።

«ታዲያ በምን ሰበብ አንቺ ጋ ልምጣ?» አለችኝ።

አልጋዬን እስከ ዛሬ ወደ ቦታው አልመለስኩትም።